የወፍጮ ቤቶች መንገድ

መኪና ልገዛ የወጣሁት የወንድሜን ሞት በሰማሁ በአራተኛው ሰዓት ነው። ይህን የሚሰማ ሰው «ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት?» ይላል። ይበል። ሜላት እባላለሁ፣ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳውን ዓመት የደሴን መስመር አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ አውቶቡሶቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ የምስጋና ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱን። ወረቀቱን ምን እንዳደረግሁት አልናገርም።

ወንድሜ ናሆም ሞምባሳ ወደብ የመርከብ መካኒክ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች። አብረውት የሚሠሩት የአገር ልጆች ደንቡን ያውቃሉና ለእኔ አልደወሉም፤ የደወሉት ለሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር ለአቶ ክሩቤል ነው። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ስድስት ሰው ተከናንቦ ቆሟል። ገባኝ፤ ግን ማንም አልተናገረም። አስገቡኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙ። አቶ ክሩቤል ጉሮሮውን ጠራርጎ ያኔ ነገረኝ። ተነሥቼ ልወረወር ስል የያዙኝ እጆች አልለቀቁኝም። አልቅሼ ትንሽ ሲወጣልኝ፣ አስከሬኑ በአምስተኛው ቀን ሐይቅ እንደሚገባ አስረዱኝ።

ሐይቅ ከተማ እናታችን አለች። ፋንታነሽ ትባላለች፤ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። የወለደችው ሁለት ነው፣ እኔንና ናሆምን። ከሰባ ዓመት በላይ እንደሆነ ሰው ሁሉ እጇ ላይ አምባር ታስሮላታል። አምባሩ ደም ግፊቷን ይለካል፣ የመድኃኒቷን ሰዓት ያስታውሳታል፣ የድንች ዋጋ ይነግራታል። ሞትም ይናገራል። ሞት በተመዘገበ በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለቅርብ ዘመድ ማስታወቂያ ይደርሳል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ድንቹን በተናገረው በዚያው ድምፅ ይናገርና መጨረሻ ላይ «ሰምተዋል? እባክዎ አዎ ይበሉ» ይላል። አዎ እስኪባል ድረስ በየጠዋቱ ይደግማል። ማውለቅ አይቻልም፤ ከወለቀ አምቡላንስ ይመጣል።

ባለፈው ክረምት በእኛ ሰፈር አንድን ሰው ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ሳለ አምባሩ የልጁን ሞት ነገረው። ሰውየው ስለ ደም ግፊቱ የሚጠይቀው መስሎት «አዎ» አለ። አምባሩም አመስግኖት ዝም አለ። እኔ ያን ሰው አይቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ጢሙን የሚላጨው ራሱ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት እናቴ ቤት መድረስ ነበረብኝ። የእናቴ ጎረቤት ሐያት ዘንድ ደወልኩና ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች እንድትሰበስብልኝ፣ እስከዚያ ድረስ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል አደራ አልኳት። ሐያት አለቀሰች፤ ቀጥላም መንገዱ የማይሆንልኝ ከሆነ እነሱ ራሳቸው እንደሚነግሯት፣ እጇንም እንደሚይዟት ነገረችኝ። አይሆንም አልኳት። የቀረኋት እኔ ነኝ፤ እጇን የምይዘው እኔ ነኝ።

አውቶቡስ እንደማያዋጣ አውቀዋለሁ። የጉዞ ምክንያት ሳይሞላ ወንበር አይሰጥም። «ሐዘን» ብለህ ከሞላህ ደግሞ ማስታወቂያው ያኔውኑ ይለቀቃል፤ መንገደኛ ከማስታወቂያ ቀድሞ እንዳይደርስ ተብሎ ነው አሉ። ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ እናት ያለው ሰው እንዳላሰበው ግን አውቃለሁ። አቶ ክሩቤል ነው እንግዲህ «የራስሽ መኪና ከሆነ ማን ይጠይቅሻል?» ያለኝ። ፊቴን ታጥቤ መገናኛ አካባቢ ወዳለው ትልቁ የመኪና መሸጫ ሄድኩ።

የተቀበለችኝ ልጅ ጨዋ ናት፤ ክፉ አልናገርባትም። አራት መኪና አሳየችኝ። አራቱም አንድ ጊዜ ተሞልተው ስምንት መቶና ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ወንበራቸው ወገብ ያሻል፣ መስኮታቸው ለተኛ ሰው ይጨልማል። ለምን እንደምፈልገው ስትጠይቀኝ ለሩቅ መንገድ አልኳት። «ሽርሽር ነዋ!» ብላ ደስ አላት። ጣርማ በርን ለመውጣት ከባትሪው ምን ያህል እንደሚበላ ጠየቅኋት፤ ጣርማ በርን አታውቀውም። አዲሱ የፍጥነት መንገድ ተራራውን ከሥሩ በስቶት ስለሚያልፍ ተራራ መኖሩን የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው። የሚሞሉት የት እንደሆነ ስጠይቅ መንገዱ ላይ በየሰባ ኪሎ ሜትሩ ምሰሶ እንዳለ፣ መኪናው ራሱ ምሰሶውን መርጦ፣ ወረፋ ይዞ፣ ሰክቶ እንደሚሞላ ነገረችኝ። እኔ ከቶ እጄን እንደማላነሣ ስትነግረኝ መልካም ዜና የነገረችኝ መስሏታል።

ለሙከራ አንዱ ላይ አስቀመጠችኝ። በሩ ተዘጋ። መኪናው በስሜ ሰላም ብሎኝ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ድምፁ የአምባሩ ድምፅ ነው። ሐይቅ አልኩት። ሦስት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ባትሪው ሙሉ ስላልሆነ አራተኛው ምሰሶ ላይ ለዐሥራ ስምንት ደቂቃ እንደምንቆም ነገረኝና የጉዞዬን ምክንያት ጠየቀ። «ጥየቃ» አልኩ።

«የወንድምዎ የአቶ ናሆም ሞት ለእናትዎ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ይነገራል» አለኝ። «ቀድመው የሚደርሱ ከሆነ ማስታወቂያው አሁን እንዲደርሳቸው አደርጋለሁ። ጉዞውን ልጀምር?»

«አዎ» የሚለው ቃል በስህተት እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ በሩን በጉልበቴ ገፋሁት። አልከፈት አለኝ። «አልሄድም፣ አልሄድም፣ አልሄድም» አልኩ፤ ከዚያ ተከፈተ። ልጅቷ ምን እንደሆንኩ ግራ ገብቷት ውሃ አመጣችልኝ። ውሃውን ጠጥቼ አመስግኜ ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ሶማሌ ተራ ነው የሄድኩት። ኢምራን አሁንም እዚያው ነው። በአውቶቡስ ዘመኔ ፍሬኔን የሚሠራልኝ እሱ ነበር፤ አሁን ጉልበቱ ደክሞ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ምን እንደደረሰብኝ ነገርኩት። ተነሥቶ አቀፈኝ፣ «አላህ ያጥናሽ» አለኝ፣ ከዚያ ሌላ ምንም ሳይጨምር ከጓሮ ያሉትን አሮጌ መኪናዎች ሊያሳየኝ ይዞኝ ገባ። ሦስት ነበሩት፤ ሦስቱም እኔ ጎልማሳ ሳለሁ የተሠሩ፣ ወሬ የማያውቁ ዲዳዎች ናቸው።

የመጀመሪያዋ ትልቅ፣ ባለ ትልቅ ባትሪ ናት። ኢምራን እሷን እንድወስድ ፈለገ። የምትሞላው በምሰሶ ብቻ ስለሆነ፣ ምሰሶው ደግሞ የማን እንደሆነችና ወዴት እንደምትሄድ ሳይጠይቅ ስለማይሰጣት አልፌያት ሄድኩ። ሁለተኛዋ ቆንጆ ናት፤ የቤት ሶኬት ላይ ትሰካለች። ግን እስክትጠግብ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ትፈልጋለች፤ እኔ ያን ያህል ጊዜ የለኝም። ሦስተኛዋ ትንሽ፣ ግንባሯ ጠፍጣፋ፣ የግራ በሯ ከሌላ መኪና የመጣና ቀለሙ የማይገጥም ነው። ሶማሌ ተራ ውስጥ ስሟ ቆርኪ ነው። ባትሪዋ አርጅቶ ሜዳ ላይ እንኳ ሁለት መቶ ዐሥር ኪሎ ሜትር ነው የምትሄደው። ኢምራን አፍሮ ዓይኑን ሰበረ።

እኔ ተንበርክኬ መሙያዋን አየሁት። «ስሪ ፌዝ ትቀበላለች?» አልኩት።

ትቀበላለች አለና ሳቀ፤ ከምሰሶ ውጭ ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ ከየት ልታመጪ ነው ብሎ። ወፍጮ ቤት አልኩት። ሳቁን አቆመ። አሮጌው መንገድ ላይ ወፍጮ ቤት የሌለው ከተማ የለም፤ ወፍጮ ደግሞ ያለ ስሪ ፌዝ አይዞርም። ሠላሳ ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ የእህሉ ብናኝ መስታወቴ ላይ እያረፈ የት የት እንዳሉ በዓይኔ ላይ ታትመው ቀርተዋል። ሁለት ሰዓት ከሞላሁ ቆርኪ ትጠግባለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከራሷ ክብደት መልሳ ትሞላለች። የት ወጪ እንዳለ፣ የት ገቢ እንዳለ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።

ኢምራን እስከ ማታ ድረስ ጎማ ቀየረ፣ ፍሬን አየ፣ ጫፉ የወፍጮ ቤት ሶኬት የሚገጥም ረጅም ገመድ ሠራልኝ። መጨረሻ ላይ ዳሽቦርዱን ፈትቶ ድምፅ ማጉያዋን ነቅሎ ጣለው። አትናገርም እኮ ስለው «ማን ያውቃል» አለኝ።

ረቡዕ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከስድስት ዓመት በኋላ መሪ ስጨብጥ እጄ አልረሳውም። የፍጥነት መንገዱ ቆርኪን አያስገባትም፤ አሮጌው መንገድ ግን ባዶ ነው። አስፋልቱን ሣር በስንጥቁ እያነሣው ነው፤ በሬዎች መሐሉ ላይ ተኝተው ያመነዥካሉ፤ ላሳልፍ ስል እንኳ የሚነሣልኝ የለም። መውጣት በመውጣት ሆኖ ደብረ ብርሃን የደረስኩት በሃያ ሁለት ፐርሰንት ነው። እዚያ ያለው የገብስ ወፍጮ ባለቤት አሮጌ ቆጣሪ ያላት ሴት ናት። ለቅሶ ነው አልኳት፤ ገመዱን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ሰካችው። የማንን ለቅሶ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል እዚያ ቆየሁ።

ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። አሮጌው ዋሻ አፍ ላይ ስደርስ ባትሪዬ ስልሳ አንድ ይላል። ናሆም ለዕረፍት ሲመጣ ሁልጊዜ በእኔ አውቶቡስ ነበር የሚሄደው። ከጎኔ ተቀምጦ ቁልቁለቱን ስንወርድ ጠመዝማዛዎቹን ይቆጥራል፣ ሁልጊዜ መሐሉ ላይ ይጠፋበታል፣ ሁልጊዜ እንደገና እንጀምር ይለኛል፤ አውቶቡሱን ወደ ላይ ልመልሰው ይመስል። ዋሻውን ወጥቼ መውረድ ስጀምር ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። ዐሥራ አራት ላይ ስደርስ አላየሁም፤ ዓይኔ ሞላ። ዳር ይዤ ቆምኩና እንደ ሕፃን ጮኬ አለቀስኩ። ማንም አልነበረም። ከዚያ ፊቴን በቀሚሴ ጠርጌ ወረድኩ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ቆርኪ ስልሳ ስምንት ትላለች፤ ተራራው ሰባት መለሰልኝ።

ችግሩ የገጠመኝ ከሚሴ ነው። በሃያ ፐርሰንት ገብቼ ከገበያው በላይ ያለውን የማሽላ ወፍጮ አገኘሁት፤ ቆጣሪው ግን አዲስ ነው። ባለቤቱ ኑረዲን የሚባል አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ገመዴን ሲያይ እጁን አራገበ። አዲሱ ቆጣሪ መኪናና ወፍጮ ለይቶ እንደሚያውቅ፣ ከምሰሶ ውጭ መኪና መሙላት እንደሚያስቀጣ፣ ባለፈው ዓመት እታች ሰፈር አንዱ የሰው ሞተር ሳይክል ሞልቶ ስድስት ወር መብራት እንደተቆረጠበት ነገረኝ። ውሸት አልተናገረም፤ ፈርቷል፣ ልጆች አሉት። አልተቆጣሁበትም። ግን አልተነሣሁም።

«ልጄ» አልኩት፣ «መርዶ ይዤ ነው የምሄደው።»

«ለማን?»

«ለእናቴ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አምባሯ ይነግራታል። ከእሱ መቅደም አለብኝ።»

ኑረዲን ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ግድግዳው ሥር ሽማግሌ አባቱ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እጃቸው ላይ አምባሩ ያብለጨልጫል። ሽማግሌው ሰምተውናል መሰለኝ ከልጃቸው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ኑረዲን ወፍጮው ሙሉ እየዞረ ከሆነ ቆጣሪው መኪናዋን ከውስጡ ለይቶ እንደማያያት፣ ችግሩ ግን ዛሬ የገበያ ቀን ስላልሆነ የሚፈጭ እህል አለመኖሩ እንደሆነ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ። አባቱ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ሰፈሩ ጠቆሙ። ሂድና ጥራቸው ማለታቸው ነው።

እህል መጣ። ማሽላ የያዘ፣ በቆሎ የያዘ፣ ሽንብራ የያዘ። ቤቱ እህል ያጣ ሰው ባለፈው ሳምንት ያስፈጨውን ዱቄት መልሶ ተሸክሞ መጣ፤ ሁለተኛ ሊያስፈጨው። አንዷ ሴትዮ የልጆቿን ገንፎ ዱቄት ይዛ መጥታ «ይደቅልኝ፣ ምን ችግር አለው» እያለች ወረፋ ያዘች። ወፍጮው ሁለት ሰዓት ሙሉ አላረፈም። ቆርኪ ከጀርባው ተሰክታ ትጠጣለች። የብናኙ ነገር አይነሣ፤ መስኮቷም ጣሪያዋም ነጭ ሆነ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሞላሁ የቆጣሪ ድሮን መጣ። ደጃፉ ላይ በሰው ቁመት አንዣብቦ ቆመ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ሰዎቹ ስለ ወረፋ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ አንዱን ቀድመኸኛል ይለዋል፣ ሴትዮዋ ዱቄቴ ከሰው ዱቄት ተቀላቀለ ብላ ትጮኻለች። እኔ የማላውቀው ሰው ጆንያ ታቅፌ ከመሐላቸው ቆሜያለሁ። ድሮኑ ሰውን ቆጠረ፣ ወፍጮውን ቃኘ፣ ሄደ። ያን ጊዜ ጭቅጭቁ ቆመና ሁሉም ወደ እኔ ዞረው «እግዜር ያጥናሽ»፣ «አላህ ያጽናናሽ» አሉኝ። ለኑረዲን ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ እጁን ስሜው ይመስለኛል፣ እሱም ደንግጦ ነጠቀኝ።

የኮምቦልቻን ዳገት፣ የደሴን ዳገት በዘጠና ፐርሰንት ገጠምኩት። ደሴን አልፌ ሐይቁ ከታች ሲታየኝ ቀኑ እየመሸ ነበር። እናቴ ቤት በር ላይ መኪና ማቆም አልችልም፤ በሳምንቱ መሐል ሳትጠራ የመጣች ልጅ ምን ይዛ እንደመጣች የማታውቅ እናት የለችም። በኋላ በኩል ዞሬ በሐያት ጓሮ ገባሁ። ከመኪናው ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት አግዳሚ ወንበር ነው።

ሃያ አግዳሚ። የዕድሩ አግዳሚ፣ ቁጥር የተጻፈበት፣ በሐያት አጥር ላይ በረድፍ ተደግፎ፣ ከጎኑ ድንኳኑ ተጠቅልሎ። የእናቴ መስኮት ፊት ለፊቱ ነው።

ደሜ ፈላ። ሐያትን ክንዷን ይዤ ምን አድርገሽ ነው አልኳት። የዕድሩ ሰዎች ነገ ጠዋት ከምንዋከብ ብለው በዘጠኝ ሰዓት እንዳመጡት፣ እሷ ገበያ እንደነበረች፣ ስትመለስ ተደርድሮ እንዳገኘችው እያለቀሰች ነገረችኝ። ልማድ ነው፤ ሰው ሲሞት አግዳሚ ይወጣል፤ እጃቸው ከልባቸው ቀደመ። ከከሚሴ እስከ ሞምባሳ አንድም ሰው ምስጢሩን ሳያወጣው፣ የገዛ ዕድራችን በሃያ አግዳሚ አወጣው። ሐያት እናቴ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከቤት እንዳልወጣች፣ ምናልባት እንዳላየችው ነገረችኝ። አላመንኳትም፤ እሷም ራሷን አላመነችውም። ግን ጎህ ሳይቀድ አይነገርም። ደንብ ነው፤ አደርኩ።

ሐሙስ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ዐሥራ አንድ ሰው ሆነን ተነሣን። ከፊት ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላ ሴቶቹ፤ እኔ ከሴቶቹ መሐል። አንደኛው ሽማግሌ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘው።

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጠረጴዛውና ወንበሩ ወደ ጓዳ ገብቷል፣ ፍራሽ ግድግዳውን ተከትሎ ተነጥፏል፤ ይህን ሁሉ በሰማንያ ስድስት ዓመቷ ብቻዋን ነው ያደረገችው። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃለች። ከፊቷ የዱቄት ጆንያ አለ፤ አምባር ያለበት እጇ ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኗ ተቀብሯል።

«ይህ ዕቃ እንዳይቀድማችሁ ብዬ ነው» አለች። «ከማታ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ከሰው አፍ ነው የምሰማው።»

ሴቶቹ ገለል ሲሉ ከኋላቸው አየችኝ። ያን ፊቷን እስክሞት አልረሳውም። መጀመሪያ ደስታ ነው ያየሁበት። እውነቴን ነው፣ ደስ አላት፤ ከዚያ የደስታው ትርጉም ገባትና ፊቷ ፈረሰ።

«ሌሊቱን ሙሉ ሁለታችሁንም ሳለቅስ አደርኩ» አለች። «የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።»

ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት መርዶውን በእጄ ልይዝላት ነበር፤ ለካ መርዶው እኔ ነኝ። ሮጬ ሁለት ክንዷን ይዤ ከደረቴ አስጠጋኋት። ሽማግሌው እንደ ደንቡ ቆሞ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ናሆም ሰኞ ማረፉን ነገራት። ተነሥታ ልትወረወር ስትል አለቀቅኋትም። ሐያትም አለቀቀቻትም። ጮኸች፤ ጮኽን። መንደሩ ጩኸቱን ሰምቶ ገባ፣ አግዳሚው ወጣ፣ ድንኳኑ ተተከለ። የእናቴ ዱቄት የነካው እጅ ጀርባዬ ላይ ነጭ ምልክት ትቷል።

ሁለት ሰዓት ሲሆን አምባሩ ተናገረ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል ማንም አልሰማውም፤ እኔ ራሴ የሰማሁት ከአንገቴ ሥር ስለነበረ ነው። ጠዋቱ ብሩህ እንደሆነ፣ የደም ግፊቷ ከፍ እንዳለ፣ ውሃ ብትጠጣ ደግ እንደሆነ ተናገረና ወደ ጉዳዩ ገባ። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ወደብ። ከዚያም፣

«ሰምተዋል? እባክዎ አዎ ይበሉ።»

እናቴ እጇን ወደ ዓይኗ አቅርባ አየችው። መልስ አልሰጠችውም።

አስከሬኑ ቅዳሜ ገባ፤ ቀበርነው። በሳምንቱ ከጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው መጥቶ ማስታወቂያው ካልተረጋገጠ የናሆም ፋይል እንደማይዘጋ፣ አንድ ቃል ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዳት። እናቴም በትሕትና የልጇ ሞት በሰው አፍ እንደተነገራት፣ ከዕቃ የሰማችው ነገር እንደሌለ ነገረችው። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ እርስዎ ቢነግሯቸው አለኝ። እኔም የምነግራትን ነግሬያታለሁ አልኩት።

ለእኔም መጥሪያ መጥቶልኛል፤ ከምሰሶ ውጭ መኪና ስለ መሙላት ቃሌን እንድሰጥ። የወፍጮ ቤቶቹን ስም ከእኔ እንደማያገኙ ከወዲሁ ይወቁት። እስከዚያ ድረስ ግን የማላውቃቸው ሰዎች ከየቦታው ይደውሉልኛል። እናቱ ጎንደር ያለች አለ፤ አባቱ ጊኒር ያለ አለ። ምን ዓይነት መኪና ልግዛ ይሉኛል። ስሪ ፌዝ የምትቀበል፣ አፍ የሌላት ግዛ እላለሁ፤ ከዚያ መንገዱን፣ ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ የወፍጮ ቤቶቹን ቦታ አንድ በአንድ እነግራለሁ። የማላውቀውን መስመር ከሚያውቅ ሹፌር ጠይቄ እደውላለሁ።

ቆርኪ አሁንም እናቴ ጓሮ ናት፤ ዱቄቷን አላጠብኩላትም። ዛሬ አርባ ሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን አምባሩ እንደ ልማዱ የናሆምን ስም ጠርቶ ይጠይቃል። ሐያት ልትጠይቀን ከመጣች የያዘችውን ቁጭ ታደርጋለች፤ ሌላም ሰው ካለ ወሬውን ያቆማል። እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። «ሰምተዋል?» ይላል። ቤት ያለን ሁሉ ዝም እንላለን።